ፈረስን ገርቶ ሰውን ማስተማር
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በአማርኛ «መግራት» የሚለው ቃል ለፈረስም ለሰውም ያገለግላል። ያልተገራ ፈረስ እንደሚባል ሁሉ ያልተገራ አንደበትም ይባላል። ግልገሉን ፈረስ ለኮርቻ ያበቃ ባልደራስ ገራ ይባላል፤ ልጁን በወግና በሥርዓት ያሳደገ አባትም እንዲሁ ገራ ይባላል። ፈረንሳዮች «ድሬሳዥ» የሚሉት ቃልም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ማሠልጠን፣ ማቅናት፣ ለሥራ ማብቃት ማለት ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው የድሬሳዥ ሙያ ነው፤ ይልቁንም በዚህ ሙያ አንድ ወጣት ከተማሪነት ተነሥቶ ፈረሰኛ፣ ከፈረሰኛነትም አልፎ መምህር የሚሆንበት መንገድ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለመምህራን ስለ ፈረስ መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ውስጥ አስተማሪን ሁሉ የሚመለከት አንድ አሮጌ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድን ሥራ አሳምሮ የሚሠራ ሰው ያንኑ ሥራ ለሌላው ማስተማር ይችላልን የሚለው ነው። በተለመደው ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በምስክር ወረቀት ይዘጋል። በፈረሰኞች ዘንድ ግን በወረቀት አይዘጋም። «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» የሚለው የአገራችን አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ መምህር ነኝ የሚል ሰው ያስተማረው ፈረስና ያስተማረው ተማሪ ሜዳ ላይ ወጥተው ይመሰክሩለታል፤ ወይም ይመሰክሩበታል።

ድሬሳዥ በውድድር ሜዳ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የታላላቅ ውድድሮች ሜዳ ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር ነው። በዙሪያው ፊደሎች ተተክለዋል፤ ፈረሰኛው ከተወሰነው ፊደል ሲደርስ የታዘዘውን እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ዳኞችም ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። በከፍተኛው ደረጃ ፈረሱ ወደ ፊት ሳይሄድ በቆመበት ስፍራ ሶምሶማውን ይረግጣል፤ ይህ ፒያፍ ይባላል። ያንኑ ሶምሶማ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ በአየር ላይ ጥቂት የቆየ እየመሰለ ወደ ፊት ሲራመድበት ደግሞ ፓሳጅ ይባላል። በግልቢያ ላይ ሳለም በኋላ እግሮቹ ዙሪያ በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ የሚመራበትንም እግር በየእርምጃው እየለዋወጠ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ተመልካቹ ፈረሰኛው ምን ትእዛዝ እንደ ሰጠ ማየት የለበትም። ድምፅ ማሰማት በውድድር ሕግ ነጥብ ያስቀንሳል። ልጓም ሲጎተትና ጎን ሲመታ የታየበት ፈረሰኛ ሥራው ገና አልበሰለም። በመልካም ፈረሰኛ ሥር ያለ ፈረስ የሚሠራውን ሁሉ በገዛ ፈቃዱ የሚሠራ ይመስላል።

ይህ ከኢትዮጵያውያን የፈረስ ልማድ የተለየ ነው። የጉግስ ፈረስ የሚፈለገው ለፍጥነቱ፣ በድንገት ለመታጠፉና ከዘንግ ለማምለጡ ነው። ፈረስ በአገራችን የተከበረ ስለሆነ ነገሥታቱና መሳፍንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። የአገው ፈረሰኞችም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ በዓድዋ ከሰዎቹ ጋር የወደቁት ፈረሶች ይታሰባሉ። ይሁን እንጂ ይህ የፈረሰኛነት ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ በማየትና በመልመድ የተላለፈ ነው፤ ከዓመት ዓመት በክፍል ተከፍሎ የሚሰጥ ትምህርት አልሆነም። ስለዚህ የትምህርቱን ሥርዓት ለማየት ወደ ሌላ አገር መሻገር ያስፈልጋል።

በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ከነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ጋር ተያይዞ፣ የእስፓኝ የፈረሰኞች ትምህርት ቤት የሚባል ስፍራ አለ። ትምህርት ቤቱ በኦስትሪያ ሳለ በእስፓኝ ስም የተጠራው የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ከዚያች አገር ዘር ስለ ነበሩ ነው። በ1580 አርክዱክ ካርል በሊፒጻ፣ ዛሬ ስሎቬኒያ በሆነችው አገር፣ የፈረስ ማርቢያ አቋቋሙ፤ ሊፒጻነር የሚባሉት አምባላይ ፈረሶች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። ዛሬም የሚሠራበት ታላቅ አዳራሽ በንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ ትእዛዝ ከ1729 እስከ 1735 ድረስ ተሠርቶ ተፈጸመ። ፈረሰኞቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ከግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ለዚህ ንጉሥ ሥዕል ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ። ንግሥናው በ1918 ቀርቷል፤ ሰላምታው ግን አልቀረም። እዚህ ላይ የሥርዓቱ ጌጥ ብዙ ስለሆነ ጎብኚው በጌጡ ተይዞ ይቀራል። ለመምህር ግን የሚጠቅመው ከበስተጀርባው ያለው ሥራ ነው።

ወጣቱ የግዴታ ትምህርቱን ጨርሶ ወደዚህ ስፍራ ሲቀበሉት «ኤሌቭ»፣ ማለት ደቀ መዝሙር፣ ይባላል። በመጀመሪያ የሚሰጠው ኮርቻ ሳይሆን አካፋና መጥረጊያ ነው። ጋጣ ይጠርጋል፤ ፈረስ ያጥባል፤ ሰኮና ያጸዳል፤ ለታላላቆቹ ፈረሰኞች ኮርቻ ይጭናል፤ ልጓሙን ይወለውላል። ከዚያ በኋላ ፈረስ ላይ ሲወጣም እርካብ የለውም፤ ዛብም አይጨብጥም። ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ የሚያዞረው መምህሩ ነው። ተማሪው የሚጠበቅበት መቀመጥ ብቻ ነው። በፈረሱ ሶምሶማ ላይ ሳይንገዳገድ፣ በእጁ ምንም ሳይይዝ፣ በጉልበቱም ሳይጨብጥ፣ ጀርባውን አቅንቶና ወገቡን አላልቶ መቀመጥ! ይህ ትምህርት ብዙ ወራት ይወስዳል፤ አንዳንዱንም ከዓመት በላይ ያቆየዋል። በሌላ ስፍራ ውድድር አሸንፎ የመጣ ወጣት ቢሆንም ከዚሁ ይጀምራል። ይህን ደረጃ ታግሦ የማያልፍ ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የሄደውን ሁሉ አይለምንም።

መቀመጥ ብቻ ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጀው ስለ ምን ነው ቢባል መልሱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ነው። የፈረሰኛው ክብደት የሚያርፈው ፈረሱ የሚራመድበት ጡንቻ በሚሠራበት ስፍራ ላይ ነው። ሰው ሕፃን በትከሻው ተሸክሞ ሲሄድ ሕፃኑ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ተሸካሚው እንዳይወድቅ ወደ ቀኝ ይረግጣል፤ ፈረሱም እንደዚሁ ነው። ፈረሰኛው አንዱን ዳሌ ጥቂት ቢጭን ፈረሱ እንደ ትእዛዝ ይቀበለዋል። ወገቡ የደረቀ እንደ ሆነ ፈረሱም ጀርባውን ያደርቃል። በእጁ ሚዛኑን የሚጠብቅ ጀማሪ ዛቡን ሲጨብጥ የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ ዛብ የሚከለከለውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ሳያውቅ የሚናገር ሰው ማንም አያምነውምና፣ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሳያውቅ መናገርን እንዲተው ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው ትእዛዝ ጥቂት ቢሆንም ይሰማል።

ከገመዱ ከተፈታ በኋላ የሚያስተምረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ሁሉ የጨረሰ ሽማግሌ ድንጉላ ፈረስ ነው። ይህ ፈረስ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው፣ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ትክክለኛውን ምልክት ሲሰጠው ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ያሳየዋል፤ የተሳሳተ ምልክት ሲሰጠው ግን የታሰበውን ሳይሆን የተባለውን ይሠራል። በቀኝ ግልቢያ እንዲነሣ ፈልጎ ክብደቱን በግራ ቢጥል በግራ ይነሣል። ተማሪው «እኔ ያልሁት ይህን አልነበረም» ለማለት ቢከጅል አያዋጣውም፤ ያለው ይህንኑ ነበርና። ፈረሱ የተማሪውን አባት ማዕረግ አያውቅም፤ ለመወደድ ብሎ ነጥብ አይጨምርም፤ ትናንት በመቈጣቱ ዛሬ አይቀንስም። መምህሩ ከመሬት ቆሞ የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ፈረሱ የተናገረውን ለተማሪው መተርጐም ነው። በሰው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ የማያዳላ ረዳት የለም፤ መምህራን ቢቀኑ ተገቢ ነው።

ደቀ መዝሙሩ በተማረ ፈረስ ላይ መሥራቱን ሲያውቅ ዕጩ ፈረሰኛ ይሆናል። አሁን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሽማግሌው ፈረስ ወጣቱን እንዳስተማረ፣ ወጣቱ ደግሞ ምንም የማያውቅ ግልገል ድንጉላ ይቀበላል። ግልገሉ በተራራማው ስቲሪያ፣ በፒበር ማርቢያ ተወልዶ ያደገ፣ ወደ 4 ዓመት ገደማ የሆነው ነው። ሊፒጻነር ሲወለድ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፤ አምባላይ የሚሆነው ከዓመት ወደ ዓመት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ነጭነቱ ይፈጸማል። ዕጩው ፈረሱን መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መሄድን ብቻ ያስተምረዋል። በሁለተኛው ደረጃ መታጠፍን፣ ወደ ጎን መራመድንና ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ማሸጋገርን ይጨምርለታል። በመጨረሻ ከፍተኛ ትምህርት የሚባለውን ፒያፍንና ፓሳጅን፣ ለጥቂቶችም ከመሬት ብድግ የሚባልባቸውን ዝላዮች ያለማምደዋል። ይህ ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ ጥቁሩ ግልገል በእጁ ላይ ነጭ ይሆናል ማለት ነው። ያን ፈረስ በሕዝብ ፊት ለማሳየት ሲያበቃው ያን ጊዜ «ቤራይተር»፣ ሙሉ ፈረሰኛ፣ ተብሎ ይሾማል። ከደቀ መዝሙርነት እስከዚህ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይወስዳል። ከዚህ በታች ባለው ጊዜ ማስተማር አይፈቀድለትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተማረ ፈረስ መጋለብ ሌላ፣ ያልተማረውን ማስተማር ሌላ ነው፤ ለሰው ሊያስተምር የሚገባው ደግሞ አንድ ነፍስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ያደገችለት ሰው ነው።

ሥርዓቱ ለረጅም ዘመን የተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። በ1898 ሆልባይንና ማይክስነር የተባሉት ሁለት የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች የፈረሰኛንና የፈረስን አሠለጣጠን የሚደነግግ አጭር መመሪያ ጽፈዋል፤ ከዚያ በቀር በአዳራሹ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ የሚያስተምር የለም። ይህ ማለት ግን ሙያው መጻሕፍት የሉትም ማለት አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ ባዘጋጀው ድርሰት በግድ የተሠራ ሥራ ውበት እንደሌለው አስቀድሞ አስተምሯል። የፈረንሳዩ ፕሉቪኔል ንጉሡን ሉዊ 13ኛን ፈረስ አስተምሮ፣ ትምህርቱን በንጉሥና በመምህር መካከል እንደሚደረግ ጥያቄና መልስ አድርጎ ጽፎታል። የቪየና ሰዎች ግን ከሁሉ አብልጠው የሚከተሉት መጽሐፉ በ1733 የታተመውን ዴ ላ ጌሪኒዬርን ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በኢጣሊያ ብዙ ፈረስ ገሪዎች በብርቱ ቅጣት ይሠሩ እንደ ነበር ሲታወስ፣ የነዚህ ሁለት ፈረንሳውያን ለዘብተኛነት በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር።

ስለ ቅጣት ሲነሣ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። የቪየና ፈረሰኛ በእጁ የሚይዘው ከበርች ዛፍ የተቈረጠ ቀጭን በትር ነው፤ በኛ አገር አነጋገር አርጩሜ ነው። ይህን አርጩሜ ቀጥ አድርገው ይይዙታል፤ የትሕትና ምልክት ነው ይሉታል። በረጅሙ ካፖርታቸው ጅራት ውስጥ ደግሞ የተሰወረ ኪስ ተሰፍቷል፤ በውስጡ ያለው ስኳር ነው። ፈረሱ በደንብ በሠራ ጊዜ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ስኳር የማይሰጥ ፈረሰኛ የለም። አርጩሜው በግልጽ ታይቶ ስኳሩ መሰወሩ ለብዙ መምህር የተገላቢጦሽ ይመስል ይሆናል፤ ግን አርጩሜው የሚያገለግለው ለማመልከት ነው፤ ለመማታት አይደለም።

ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳልሆነ በቅርብ ጊዜ ታይቷል። በ2024 ከፓሪስ ኦሎምፒክ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በብዙ ሜዳልያ የተከበረች አንዲት የድሬሳዥ ፈረሰኛ ተማሪዋን ስታስተምር፣ ተማሪዋ የተቀመጠችበትን ፈረስ እግሮች በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ፊልም ወጣ። ፈረሰኛይቱ ከውድድሩ ራሷን አገለለች፤ ዓለም አቀፉ የፈረሰኞች ማኅበርም ለአንድ ዓመት አገዳት። ብዙ የተጻፈው ስለ ፈረሱ ነው፤ ልክም ነው። ዳሩ ግን በኮርቻው ላይ አንዲት ተማሪ ተቀምጣ እንደ ነበር የተናገረው ጥቂት ነው። ያች ተማሪ በዚያን ቀን የተማረችው ምን ነበር? ፈረሱ እግሩን ከፍ ማድረጉን ወይስ ጊዜ ሲያጥር አለንጋ መምህር እንደሚሆን? ተማሪ ከመምህሩ ቃል ይልቅ የመምህሩን እጅ እንደሚያይ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ።

የዚህ ሙያ መምህር ምን ዓይነት ሰው ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት አሎይስ ፖድሐይስኪን ማንሣት ይበቃል። በ1898 በሞስታር የተወለዱ፣ የኦስትሪያ ጦር መኮንን የነበሩ ሰው ናቸው። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ ኔሮ በሚባል ፈረስ ሦስተኛ ወጥተው የነሐስ ሜዳልያ ተቀበሉ። ኔሮ ለእሽቅድምድም አልሆንም ያለ ፈረስ ነበር፤ ሌላው የጣለውን ተማሪ ተቀብሎ ለዚህ ማብቃት የመምህሩን ችሎታ ይናገራል። ከ1939 ጀምሮ የቪየናውን ትምህርት ቤት መሩ። ጦርነቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ በ1945 መጀመሪያ፣ ቪየና በቦምብ ስትደበደብ ድንጉላዎቹን በባቡር አውጥተው በላይኛው ኦስትሪያ ወዳለው ወደ ሳንክት ማርቲን ወሰዱ። ባዝራዎቹና ግልገሎቹ ግን በጀርመኖች ትእዛዝ ቦሄሚያ ውስጥ በሆስታው ነበሩ፤ እነሱን በሚያዝያ 1945 የአሜሪካ ወታደሮች አዳኗቸው። በግንቦት 7 ቀን 1945 ፖድሐይስኪ በጄኔራል ፓተን ፊት ፈረሶቹን አሳይተው ትምህርት ቤቱን እንዲጠብቁላቸው ለመኑ። ፓተን ራሳቸው በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ የተወዳደሩ ፈረሰኛ ነበሩ፤ ጥያቄውን ተቀበሉ። ይሁንና አውሮፓ በእሳት ስትነድ ጤነኛ ጎልማሶች ፈረስ ሲያስጨፍሩ መኖራቸው እንግዳ ነገር እንደ ሆነባቸው በማስታወሻቸው አልደበቁም። ይህ ትችት በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ በጦርነት ዘመን ቅኔ የሚያስተምር፣ ሥዕል የሚያስተምር ሁሉ ይጠየቅበታል። የፖድሐይስኪ መልስ በቃል ሳይሆን በሥራ ነበር፤ ትምህርቱ ለአንድ ትውልድ ከተቋረጠ የሚያስተምር ፈረስም የሚያስተምር ሰውም አይገኝምና እንዳይቋረጥ አደረጉ። ትምህርት ቤቱ በ1955 ወደ ቪየና ተመለሰ። እሳቸውም በ1964 ሥራቸውን ለቀው፣ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሕይወታቸው ሲጽፉ ርእሱን «መምህሮቼ ፈረሶቹ» የሚል ትርጉም ያለው አደረጉት።

በዚህ መንገድ እንዲሄድ የተፈቀደለት ግን ሁሉም ሰው አልነበረም፤ የትምህርት ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ድሬሳዥ በ1912 ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ የተፈቀደው ለመኮንኖች ነበር፤ ሴት አይገባም፤ ከመኮንን በታች የሆነ ወታደርም አይገባም። በ1948 በለንደን የስዊድን ቡድን አንደኛ ወጣ። ከቡድኑ አንዱ ፔርሶን የሚባለው ሰው የበታች ሹም ነበረ፤ ለውድድሩ ሲባል ብቻ የመኮንንነት ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር። ይህ በታወቀ ጊዜ በ1949 የቡድኑ ሜዳልያ ተወሰደ። ፈረሱ የጌታውን ማዕረግ አይቶ አልሠራም ነበር፤ ዳኞቹም ነጥብ ሲሰጡ ያዩት ሥራውን ነው። ሕጉ ተሻሽሎ በ1952 በሄልሲንኪ ሁሉም ሲፈቀድለት ያው ፔርሶን ከቡድኑ ጋር እንደ ገና ወርቅ አገኘ።

በዚያው በሄልሲንኪ ዴንማርካዊቱ ሊስ ሃርቴል የብር ሜዳልያ ወሰዱ። እኒህ ሴት በ1944፣ ነፍሰ ጡር ሳሉ፣ የልጅነት ልምሻ በሚባለው በፖሊዮ በሽታ ተይዘው ከጉልበታቸው በታች እግራቸው አልሰማ ብሏቸው ነበር። ፈረስ ላይ ለመውጣትም ለመውረድም ሰው ይረዳቸው ነበር። ፈረሰኛ ፈረሱን በእግሩ ጡንቻ ያዛል የሚለው ትምህርት በሳቸው ላይ አልሠራም፤ ዩቢሊ የምትባለውን ባዝራቸውን በክብደታቸውና በወገባቸው እንድትሰማ አስተማሯት። የሽልማቱ ጊዜ ሲደርስ አንደኛ የወጡት ስዊድናዊው ሴንት ሲር እጃቸውን ይዘው ወደ ከፍታው አወጧቸው። በ1956ም ይህንኑ ሜዳልያ ደገሙት። የሳቸው ምሳሌ በአውሮፓ የአካል ጉዳተኞች የፈረስ ግልቢያ እንዲስፋፋ ረድቷል። በቪየናው ትምህርት ቤት ግን ሴቶች በደቀ መዝሙርነት የተቀበሉት በ2008 ነው፤ ከነሱ አንዷ የቤራይተርነት ማዕረግ ያገኘችው በ2016 ነው። ከ4 መቶ ዓመት በላይ በሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ መዘግየት የሚያኮራ አይደለም፤ ለሥርዓቱ መክበር ሲባልም ሊሸፈን አይገባውም።

የቀረው ስለ እንጀራ ነው። ቪየና ጥቂቶችን ብቻ ይቀበላል፤ በዓለም ያለው የድሬሳዥ ባለሙያ አብዛኛው የሚኖረው በግል ጋጣዎች ነው። ኑሮውም ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፈረስ ይጋልባል፤ በመካከሉ ለጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣል፤ ማታ ሒሳብ ይጽፋል። የሚያሠለጥነው ፈረስ የራሱ አይደለም። ግልገሉን ተቀብሎ ዓመታት ከደከመበት በኋላ ፈረሱ ሥራ ሲያውቅ ባለቤቱ ይሸጠዋል፤ ይህም የባለቤቱ መብት ነው። ባለሙያው በማግስቱ ሌላ ግልገል ይጭናል። ተማሪውን ለሌላ ክፍል አሳልፎ የሚሰጥ አስተማሪ ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ተማሪው ግን በገንዘብ አይለወጥም።

ከዚህ የሚከፋው ጥድፊያ ነው። ባለቤቱ ገንዘቡን እየከፈለ ስለሆነ በዚህ ዓመት ውድድር እንዲታይ ይፈልጋል። ጀርመኖች የፈረስን ትምህርት በስድስት ደረጃ ያስኬዱታል፤ መጀመሪያ የእርምጃው ምት፣ ቀጥሎ የጡንቻው መላላት፣ ከዚያ ከልጓሙ ጋር ጸጥ ብሎ መገናኘት፣ ከዚያም የኋላ እግሮች ግፊት፣ የአካል ቀጥተኝነት፣ በመጨረሻም ክብደትን ወደ ኋላ የመሰብሰብ ችሎታ ይመጣል። የቸኰለ ሰው የመጨረሻውን አስቀድሞ ለማሳየት ይሞክራል። ለጥቂት ጊዜ ይሳካለታል፤ ተመልካችም ያጨበጭባል። ነገር ግን መጀመሪያው የጎደለው ፈረስ ከጊዜ በኋላ ወይ ያነክሳል ወይ ይዋጋል፤ መነሻውም ከባለሙያው እጅ ይፈለጋል። ባለቤቱን «ፈረሱ ገና አልደረሰም» ብሎ መመለስ ደንበኛ ሊያሳጣ ይችላል። የዚህ ሙያ የክብር ፈተና በሜዳ ሳይሆን በጋጣው በር ላይ፣ ከከፋዩ ጋር በሚደረገው በዚህ አጭር ንግግር ነው።

ከተማሪዎች መካከል አንዱ ይህን ሙያ እሻለሁ ብሎ ወደ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ቢመጣ፣ ሊነገረው የሚገባ ግልጽ መንገድ አለ። በፈረንሳይ በሶሚር በ1972 የተቋቋመው ብሔራዊ የፈረሰኞች ትምህርት ቤት ይገኛል፤ በዚያ «ካድር ኗር» የሚባሉት ጥቁር ለባሾች ፈረሰኞች ሥራቸው ማሳየት ብቻ አይደለም፤ አስተማሪዎችን ማስተማር ነው። በጀርመን ደግሞ የፈረስ ባለሙያነት እንደ ማናቸውም የእጅ ሙያ የ3 ዓመት ልምምድ ያለው ነው። ወጣቱ በተፈቀደለት ጋጣ ተቀጥሮ እየሠራ ይማራል፤ ጐን ለጐንም ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ስለ መኖ፣ ስለ ሰኮና፣ ስለ በሽታና ስለ ውል ይፈተናል። ቋንቋቸውን ሳያውቅ መሄድ አይጠቅመውም፤ ፈተናው በቃልም በጽሑፍም ነውና። ለመማር ሲገባ ሀብታም መሆን አያስፈልገውም፤ ጠዋት ማልዶ መነሣትና ጋጣ መጥረግ አለመናቅ ግን ያስፈልገዋል።

ይህን ከፈጸመና ዓመታት ከሠራ በኋላ «ማይስተር»፣ ማለት ሊቀ ባለሙያ፣ ለመባል ሁለተኛ ፈተና ይቀርባል። ለመምህራን ጉባኤ ይህ ፈተና ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ዕጩው መጋለብን ማሳየቱ አይበቃውም፤ ጋጣ ማስተዳደርን ማወቁም አይበቃውም። በጀርመን የማናቸውም ሙያ ሊቅ፣ አናጢም ይሁን ዳቦ ጋጋሪ ወይም ፈረሰኛ፣ ለማዕረጉ ሲፈተን ከፈተናው ክፍሎች አንዱ የሙያ አስተማሪነት ጥበብ ነው፤ ሥራውን ለጀማሪ እንዴት እንደሚያዘጋጅለት፣ እንዴት እንደሚያሳየው፣ ሲሳሳት እንዴት እንደሚያርመው በጽሑፍና በተግባር ይጠየቃል። በዚህ ክፍል የወደቀ ዕጩ፣ በኮርቻ ላይ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይህን ክፍል ዳግመኛ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ማይስተር አይባልም።